«ለምን አትወዳደርም?»

በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ሊንክ ሰባት ሰው ላከልኝ። ከሥሩ የጻፉት ደግሞ ተማክረው የመጡ ነው የሚመስለው። «አንተ፣ ይሄ ላንተ ነው! ለምን አትወዳደርም?»

የኬይን ሽልማት ነው። የአፍሪካ ጸሐፊዎች የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት። 25 ዓመት ሞላው። ልደት ሲመጣ ወሬው ይበዛል፤ ወሬው ሲበዛ ሊንኩ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይወድቃል። 10,000 ፓውንድ የምትለዋን መስመር ያየ ዘመድ ሁሉ ደራሲ መሆኔ ድንገት ትዝ አለው። በአዘቦቱ ቀን እኮ «አሁንም ትጽፋለህ እንዴ?» እያሉ ከንፈር የሚመጡልኝ ሰዎች ናቸው።

እሺ። ዛሬ አንዴ እጽፈዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ፖስት እልከዋለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ሲሆን እናገራለሁ።)

ኬይን ማለት እንግሊዛዊው ተዋናይ ማይክል ኬይን አይደለም። አንዱ ወዳጄ የተዋናዩን ፎቶ ከነመነጽሩ አያይዞ ላከልኝ እኮ! ሌላ ሰው ናቸው፤ ሰር ማይክል ኬይን። የቡከር ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበሩ፣ ቡከር የሚባለውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሽልማት ኮሚቴም ለረጅም ዓመታት የመሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው ሽልማቱ በስማቸው የተቋቋመው። የመጀመሪያው በ2000 ለሱዳናዊቷ ሌይላ አቡሌላ ተሰጠ፤ ሐራሬ ውስጥ፣ በዚምባብዌ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ላይ። እዚህ ድረስ ጥሩ።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እኔ ብፈልግም ማመልከት አልችልም። ታሪኩን የሚያቀርበው አሳታሚው ነው። ታትሞ የወጣ መሆን አለበት። ከ3,000 እስከ 10,000 ቃል። በእንግሊዝኛ። እኔ ደግሞ የምጽፈው በአማርኛ ነው። የማልመው፣ የምሳደበው፣ ከራሴ ጋር የምጣላው በአማርኛ ነው።

«ተርጉመዋ ታዲያ!»

ይቺን ስሰማ ጨጓራዬ ይላጣል። ደንቡ ትርጉም አይከለክልም፤ እውነት ነው። ትርጉሙ ታትሞ ከወጣ ይወዳደራል፣ ካሸነፈም ተርጓሚው ድርሻ አለው። ወረቀቱ ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እስቲ ግቡበት።

ሞክሬዋለሁ። ሥራውን የሚችል ተርጓሚ አገኘሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ አልዋሸኝም። «ወንድሜ፣ የምሠራው በቃል ሒሳብ ነው» አለኝ። የኔ ታሪክ 2,400 ቃል ናት፣ ብዙም አትከብድም ብዬ ደስ አለኝ። «በአማርኛው ቃል አይደለም፣ በእንግሊዝኛው ነው» አለ። ያኔ ነው ቋንቋዬ ጉድ የሠራኝ። «አልመጣችልኝም» አማርኛ ላይ አንድ ቃል ናት። እንግሊዝኛ ላይ ስትሄድ «ሺ ዲድ ኖት ከም ፎር ሚ» ሆና ስድስት ትወልዳለች። ስድስት! ገጸ ባሕሪዬ ደግሞ ስትቀር እንጂ ስትመጣ አታውቅም። በየገጹ እየቀረች ልታከስረኝ ነው። (በጎ ጎኑን ካያችሁ፣ 3,000 ቃል የምትለዋን ደንብ ያለ ላብ አልፋታለሁ።)

እሺ፣ ገንዘቡ ተገኘ እንበል። ማን ያትመዋል? ከአማርኛ የተተረጎመ አንዲት አጭር ታሪክ ይዤ የማንን በር ላንኳኳ? ለአንድ መጽሔት ጻፍኩ። ከአምስት ወር በኋላ መልስ መጣ። «በአሁኑ ወቅት የትርጉም ሥራ አንቀበልም፤ ነገር ግን ድምፅዎ ልዩ ነው።» የቱን ድምፄን ሰምተው ነው? አማርኛ አያነቡ! የላክሁላቸው እኮ ማጠቃለያ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ሁሌ አንድ አዋቂ ይነሣል። «ቡሽራ አልፋዲልስ?» ይለኛል። ልክ ነው። ሱዳናዊው ቡሽራ በ2017 ከዐረብኛ በተተረጎመ ታሪክ አሸንፏል። ግን ታሪኩ እንዴት ከዳኞቹ እጅ ገባ? የካርቱምን ታሪኮች ሰብስቦ፣ አስተርጉሞ፣ በመጽሐፍ ያወጣ አሳታሚ ስለነበረ ነዋ! ሰውየው ብቻውን በር አላንኳኳም።

«ሜሮን ሃደሮስ?» ይላል ሌላው። ኢትዮጵያ ተወልዳ ይህን ሽልማት የወሰደች የመጀመሪያዋ ደራሲ እሷ ናት፤ በ2021። የዚያን ቀን የጮህኩትን ጎረቤቶቼ ይመስክሩ። ግን የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ባለ ታሪኩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ለአንባቢው ግን እንግሊዝኛ ያወራል። እሷን አልወቅስም፣ ቋንቋዋ ነው። እኔን «ሜሮን ከቻለች አንተም» ማለት ግን መዋኘት ለሚያውቅ ብስክሌት አምጥቶ «በል ንዳ» ማለት ነው።

ከፈለጋችሁ ደግሞ ትልቁን ምስክር ልጥራ። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በእኛ አቆጣጠር በ1975 ወጣ። በፈረንጅ 1983 መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣው መቼ መሰላችሁ? በ2025። አርባ ሁለት ዓመት! እሱም በዓሉ ግርማ ሆኖ ነው። እኔ በዚህ ሒሳብ የልጅ ልጄን ወኪል አድርጌ ልሂድ።

ወደ ልደቱ ልመለስ። ለ25ኛው ዓመት ምን ተደረገ? ካሸነፉት መሃል እንደገና አሸናፊ ተመረጠ። በ2011 ያሸነፈችው ዚምባብዌያዊቷ ኖቫዮሌት ቡላዋዮ የአሸናፊዎች አሸናፊ ተባለች። አይገባትም አላልኩም፤ ጎበዝ ናት። ግን ዘውድ ላይ ዘውድ መደረብ ምን ይባላል? ለዚያ ድግስ የወጣው ለዐሥር ተርጓሚ ቢከፈል ኖሮ ከአማርኛም፣ ከኦሮምኛም፣ ከስዋሂሊም፣ ከሃውሳም ስንት ታሪክ ይወጣ ነበር።

የሚገርመው፣ ተሸላሚዎቹ ከሸላሚው ይሻላሉ። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና በ2002 አሸንፎ ገንዘቡን ይዞ ናይሮቢ ላይ ኳኒ የሚባል መጽሔት አቋቋመ፤ ለሌሎች ማሳተሚያ ሆነ። ዛምቢያዊቷ ናምዋሊ ሰርፔል በ2015 ስታሸንፍ ገንዘቡን አብረዋት ለታጩት አካፈለች። እንዲህ ያለ ሰው ነው ልደት የሚደገስለት።

የኛም ጥፋት አለበት፣ አልክድም። አማርኛችንን የሚተረጉም ሰው ስናገኝ «የማይረባ ትርጉም» ብለን ልብሱን እናወልቃለን። ሳንከፍለው።

ለማንኛውም፣ ተርጓሚውን ትቼ ማታ ማታ ራሴ ጀምሬዋለሁ። እስካሁን አንድ ገጽ ተኩል። ሦስት ሌሊት ሙሉ የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ «ሆድ ባሰው»። ሆዱን አስገብቼ ስጽፈው ሰውየው ቁርጠት የያዘው ይመስላል። ሆዱን ሳወጣው ደግሞ «አዘነ» ብቻ ይሆናል። አዘነማ አይደለም! እንግሊዝኛ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሊንክ የሚልክልኝን ግን ብሎክ አደርጋለሁ፤ አጎቴንም ጭምር።