ሲያጌጡ ይመላለጡ፦ «ወረቀት አያክምም» ለሚሉን

ሰሞኑን ከባሕር ዳር በተላለፈ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ የውበት ማዕከል ባለቤት ቀርበው ነበር። ጨዋታው የአንገት ንቅሳት ስለማስጠፋት፣ የጆሮ ኬሎይድ (ከቁስል በኋላ አብጦ የሚያድግ ጠባሳ) ስለማስቆረጥ፣ ቦርጭ ስለማስመጠጥ ነው። አንዲት አድማጭ ደውላ የሐኪማችሁ ፈቃድ የምን ሙያ ነው ብትላቸው፣ ወረቀት አያክምም፣ የሚያክመው እጅ ነው፣ ሥራችንን ቴሌግራም ላይ ለጥፈነዋል፣ ፎቶው ይመስክር ብለው አለፏት። አዘጋጁ ሳቅ ብሎ ዘፈን ጋበዘ። ጥያቄውም በዘፈኑ ተዋጠ።

ጎጃም ላይ ተቀምጦ «ሥራዬ ይመስክርልኝ» ማለት እንዴት ያለ ድፍረት ነው? በዚህ አገር ቅኔ ላስተምር ያለ ሰው እንኳ፣ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች ዋሸራ ይዋል ጎንጅ፣ ከማን ተማርህ፣ የትስ አስመሰከርህ ሳይባል ወንበር አይዘረጋም። ማስመስከር ማለት ደግሞ የራስን ሥራ ደጃፍ ላይ ሰቅሎ መንገደኛ ማስደነቅ አልነበረም፤ ሙያውን ከአንተ አብልጦ በሚያውቅ መምህር ፊት ቀርቦ፣ ተፈትኖ፣ «በቅቷል» መባል ነው። የቅኔ መምህር ቢሳሳት ቤት ይሰበራል፣ ሰምና ወርቁ ይፋለሳል፤ ደም አይፈስም። ለቅኔ ምስክር የሚጠይቅ ሕዝብ ለምላጭ ፎቶ ይበቃዋል ብሎ ማሰብ ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ለመሆኑ ያ የተናቀው ወረቀት ምን ይላል? ወረቀቱ ሁለት ነው። አንደኛው የተቋሙ ነው፤ ቤቱ ምን ደረጃ እንዳለውና ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ይናገራል። ሁለተኛው የሐኪሙ ነው፤ ስሙ፣ የሙያ መጠሪያውና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ያለበት። ብዙ ቤት የመጀመሪያውን ባማረ ፍሬም ይሰቅልና ሁለተኛውን ከመሳቢያ አያወጣውም። ሰውም ማኅተም ካየ ልቡ ያርፋል። ማኅተሙን ተዉትና የሙያ መጠሪያዋን መስመር አንብቡ። «ጠቅላላ ሐኪም» ከሆነ ሐኪም ነው እንጂ ቀዶ ሐኪም አይደለም። «ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም» ትርፍ አንጀት ያወጣል፣ ለቃጠሎም ቆዳ ይለጥፋል፤ አፍንጫ ማቃናት ግን ሌላ ሥልጠና ነው። «የቆዳ ስፔሻሊስት» ለሌዘርና ለጠባሳ መርፌ ትክክለኛው ሰው ነው፤ ሆድ ለመቅደድ አይደለም። መልክና ቅርጽ በቀዶ ሕክምና ለሚነካ ሰው የምትፈልጉት መጠሪያ «ፕላስቲክና ሪኮንስትራክቲቭ ሰርጀን» የሚለው ነው። (ፕላስቲኩን ከፌስታል ጋር የሚያገናኝ አለ፤ ቃሉ የግሪክ ነው፣ ቅርጽ ማስያዝ እንደ ማለት።) «የውበት ኤክስፐርት» የሚባል የሕክምና ስፔሻሊቲ የለም፤ በጥቂት ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬት ላይ የሚገኝ ቃል ነው። ስሙን ከነመጠሪያው ጻፉና ፈቃዱን የሰጠው ጤና ቢሮ ሄዳችሁ አመሳክሩ፤ ተምሬበታለሁ ያለውንም ሆስፒታል ጠይቁ። አንድ ቀን ይፈጃል። በሬ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን ሳናይ ገንዘብ አንቆጥርም።

ወደ ፎቶው ልምጣ። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ የመጨረሻ መልኩን እስኪይዝ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጭን መስመር ነው፤ ከዚያ ይጠነክራል፣ ከፍ ይላል፣ ያሳክካል፣ ቀስ ብሎም ይረግባል። ኬሎይድ ከዚህ ይለያል። ቁስሉ ድኖ ሰው ከረሳው በኋላ፣ በሦስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ቆይቶ ይነሳና የቁስሉን ድንበር አልፎ ጤነኛውን ቆዳ ይወርራል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይበረታል፤ የሚወዳቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው፦ የጆሮ ጫፍ፣ አንገት፣ ደረት፣ ትከሻ። የቴሌግራሙ ፎቶ ታዲያ መቼ የተነሳ ነው? ክር በተነቀለ ማግሥት! የጆሮ ኬሎይድ ተቆርጦ በሳምንቱ ፎቶ ቢነሳ ጆሮው የሕፃን ጆሮ ይመስላል። እንዲሁ በምላጭ ብቻ የተቆረጠ ኬሎይድ ግን ግማሽ ያህሉ፣ ከግማሽም በላይ፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከፊተኛው በልጦ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን ከመቁረጡ በፊት ይነግራችኋል። ከቆረጠ በኋላ ትራያምሲኖሎን የሚባለውን ስቴሮይድ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እጠባሳው ውስጥ ይወጋል፣ የሲሊኮን ልጣፍ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለወራት ያስለጥፋል፣ ለጆሮ ደግሞ የሚጫን ጉትቻ ያዛል። «ቆርጬ ልገላግልህ» ብሎ የመርፌውን ቀጠሮ ያላነሳ ሰው የገላገለው ራሱን ነው።

ፎቶ ማየታችሁ ካልቀረ በደንብ እዩ። የአንድ ሰው ፎቶ ከሥራው በፊት፣ በ3ኛው ወርና በዓመቱ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከፊትም ከጎንም ይኑር። ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ጥላ ይጠፋል፤ ጥላ ከጠፋ ጉብታውም ጉድጓዱም አይታይም። አገጭ ትንሽ ቀና ካለ የአንገት ሥጋ ይሰበሰባል። ቆዳ ወይም ስብ ከሌላ ቦታ ተወስዶ ከሆነ የተወሰደበት ቦታ ፎቶም ይምጣ፤ እሱን የሚለጥፍ ብዙ የለም።

ንቅሳቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቤታችን ጉዳይ ነው። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ የደረደሩት፣ ግንባራቸው ላይ በመስቀል ያኖሩት ንቅሳት ጥላሸት ነው፤ በመርፌ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ውስጠኛው ላይ ተቀምጧል። እዚያ ድረስ ልጦ ለማውጣት አሲድ የሚቀባ ሰው ጥላሸቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ቆዳውን ይጨርሰዋል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ሲባል ቃል በቃል ይኸው ነው። ሌዘር ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ለጠቆረ ቆዳና ለጥቁር ንቅሳት የሚስማማው የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 1064 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ኪው ስዊችድ ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ነው። ይህ ብርሃን የቆዳችንን ቀለም ብዙም ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ አንዱ ምት የሚቆየው በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ስለሆነ ጥላሸቱን ይሰባብረዋል እንጂ ዙሪያውን አያበስልም። ያው ማሽን 532 ናኖ ሜትር ላይ ተደርጎ ቢተኮስ የቆዳው ቀለም ራሱ ብርሃኑን ይጠጣዋል፤ አንገት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ለፀጉር ማንሻ የተገዛው፣ አይፒኤል የሚባለው የብርሃን መሣሪያ የባሰ ነው። የእሱ ምት በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠር፣ ማለትም ሚሊዮን ጊዜ የሚረዝም ነው፤ ጥላሸቱን አይሰብረውም፣ እንደ ፍም ያግለዋል፣ ፍሙም ዙሪያውን ይጠብሳል።

ስለዚህ ማሽኑ ስንት ናኖ ሜትር ነው በሏቸው። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ሞክራችሁ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ትጠብቃላችሁ ወይ በሏቸው። ስንት ዙር ነው፣ በመካከሉስ ስንት ጊዜ? ትክክለኛው መልስ ዙሩ ብዙ ነው፣ በመካከሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያርፋል የሚል ነው። በአንድ ቀን አጠፋዋለሁ ያለ ሰው ወይ ማሽኑን አያውቀውም ወይ እናንተን ንቋችኋል።

እኒያ ባለቤት የጨመሩት ነገር ደግሞ ከሁሉም የደከመው ነው፤ ችግር ቢኖር ደንበኞቻችን ይናገሩ ነበር አሉ። ይናገሩ ነበር! ለባሏም ለእናቷም ሳትነግር የሄደች ሴት፣ አንገቷ ላይ ገመድ የመሰለ ጠባሳ ቢወጣባት ሬዲዮ ጣቢያ ደውላ ልትናገር ነው? በሚያዝያ ሙቀት ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠምጥማ ጣና ዳር የምታልፈውን ሴት እዩ። ቅሬታው ያ ነጠላ ነው። ዝምታን የብቃት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይን ያወጣ ነገር ነው።

እጅ ያክማል የተባለውን ደግሞ በቁጥር እንየው፤ «ትንሽ ማደንዘዣ ብቻ ነው» ስለሚባል። የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ሊዶካይን ነው። አድሬናሊን ከሌለበት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ4.5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 270 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ባለ 2 በመቶው ሊዶካይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ የሰውየው ጣሪያ 13.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዱ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሳያልቅ ጣሪያው ይታለፋል ማለት ነው። ካለፈ መጀመሪያ ከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። ሳይመዝናችሁ መርፌ ያነሳ ሰው ይህን ስሌት አልሠራም። ሚዛን የት አለ ብላችሁ ጠይቁ፤ ኦክስጅኑስ? ለዚህ መመረዝ በደም ሥር የሚሰጠው ባለ 20 በመቶ የስብ ቅልቅል (ኢሙልሽን)ስ በቤቱ አለ? ሙሉ ሰመመን ከሆነ ደግሞ የሚያስተኛው ማን ነው? የሚቆርጠውና የሚያስተኛው አንድ ሰው ከሆነ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

ስብ መምጠጥን በተመለከተ፣ በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ታካሚው ሆስፒታል አድሮ መታየት አለበት፤ የሰውነት ፈሳሽ ይዛባል። «ጠዋት ገብተሽ ከሰዓት ትወጫለሽ» የሚለው ማስታወቂያ ስለ ሊትር አያወራም። ፊለር (ቆዳ ሥር በመርፌ የሚሞላ ነገር) ከሆነ ሳጥኑ ፊታችሁ ይከፈት፣ ስሙና የሚያበቃበት ቀን ይነበብ፤ የሃያሉሮኒክ አሲድ ዓይነት ከሆነ ማሟሚያው ሃያሉሮኒዴዝ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ይኑር። ፊለር ደም ሥር ከዘጋ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሟሚያውን ፍለጋ አዲስ አበባ የሚደወልበት ፋታ የለም።

ደግሞ ይህ ሁሉ የሀብታም ሴት ጣጣ ነው የሚል አይጠፋም። ተሳስቷል። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና እኛ ጋር በዋናነት ምድጃ ውስጥ የወደቀ ሕፃን ነው፤ የሚጥል በሽታ እሳት ላይ የጣላት እናት ናት፤ ክርኑ ታጥፎ ከደረቱ ጋር የተጣበቀ ልጅ ነው። እዚያም ጥያቄው አይቀርም። የተጣበቀውን መፍታትና ቆዳ መለጠፍ ግማሹ ሥራ ነው፤ ክርኑ ለወራት በድጋፍ ተዘርግቶ ካልታሰረና ፊዚዮቴራፒ ካልተሠራ ተመልሶ ይታጠፋል። ድጋፉን ማን ይሠራል፣ እስከ መቼ ይታሰራል ተብሎ ይጠየቅ። የተሰነጠቀ ከንፈር ላለው ሕፃንም የቆየ መለኪያ አለ፤ ዕድሜ 10 ሳምንት፣ ክብደት 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚታይበት ልክ) 10 ግራም በዴሲ ሊትር። ነጻ ዘመቻ ነው ተብሎ ሳይመዘንና ደሙ ሳይታይ ልጅ አይሰጥም።

ርቀቱን የሚያነሳም የለም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ በረሃ አለ፣ መንገዱ ክፍት የሚሆንበትና የሚዘጋበት ቀን አለ። ከሞጣ ወይም ከብቸና ለቀዶ ሕክምና ሄዶ በሁለተኛው ቀን የሚመለስ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ። ደም መፍሰስ ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይመጣል፤ ኢንፌክሽን ቀናት ቆይቶ ነው። የባት ደም መርጋት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ስለዚህ ስትወጡ የተሠራው ሥራ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ክሩ የሚነቀልበት ቀንና የሐኪሙ ስልክ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሌሊት ደብረ ማርቆስ ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ብትገቡ ተረኛው ሐኪም የሚያነበው እሱን ነው። ወረቀት አያክምም ያሉት ሰው ይህንንም ወረቀት እንደማይሰጡ እገምታለሁ።

ወረቀት ያለው ሁሉ ጎበዝ ነው አላልሁም። መጠሪያው ትክክል ሆኖ እጁ የሚቸኩል ሐኪም አለ። ለዚህም መለያ አለው። ይህንኑ ሥራ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሠራህ፣ ከእነሱ ስንቱን ደግመህ ከፈትህ በሉት። «አንድም» ካለ ወይ ጥቂት ሠርቷል ወይ አይቆጥርም። ሲጋራና ሺሻ ከሥራው 4 ሳምንት በፊትና በኋላ ካላቆምህ አልነካህም የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ እሱን ያዙት፤ ገበያ የሚመልስ ሰው ነው። የስምምነት ወረቀት ከቀናት በፊት፣ በአማርኛ፣ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፤ ጋውን ለብሳችሁ አልጋ ላይ ሆናችሁ የምትፈርሙት ፊርማ ፈቃድ አይባልም።

ጤና ቢሮው አንድ ነገር ቢያደርግ ገንዘብም አያስወጣው፦ እያንዳንዱ ቤት የሚሠራበትን ሐኪም ስም፣ የሙያ መጠሪያና የፈቃድ ማብቂያ ቀን ከበሩ ላይ፣ መሀይም ያልሆነ ሁሉ ከመንገድ ማዶ ሊያነበው በሚችል ፊደል እንዲጽፍ ማስገደድ። የሬዲዮው አዘጋጅም እኒያን ባለቤት ደግሞ ከጋበዛቸው፣ የደዋይዋን ጥያቄ ከዘፈኑ በፊት ያንሳው። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ ካለ።