ለበርቱ ባዩ ጋሼ

በየኮንዶሚኒየሙ ሊሸለም የሚገባው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ብሎኩ ጋሼ አራተኛ ፎቅ ናቸው። የውሃ ፓምፑ በተቃጠለ ቁጥር ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ቀድመው የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፦ «በርቱ! መተባበር እንዲህ ነው!» ሰብሳቢው የባንክ ቁጥር ሲለጥፍ ግን ኔትወርክ ይጠፋባቸዋል። የሚመለስላቸው ፓምፑ ተሠርቶ ውሃው አራተኛ ፎቅ የደረሰ ዕለት ነው።

ደግነታቸው ማለቂያ የለውም። ለጥበቃው ደመወዝ አያዋጡም፤ ማታ ሲገቡ ግን በክላክስ ያነቃቁታል። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል በስልካቸው መብራት ይወጣሉ። ገዝቶ የመመረቅን ዕድል ከማን ይሻማሉ?

ነገሩ ተጠንቷል። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ኤርነስት ፌር እና ሲሞን ጌሽተር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎችን አራት አራት አድርገው በኋላ በገንዘብ የሚመነዘር 20 ነጥብ ለእያንዳንዳቸው ሰጡ። ወደ ጋራ የገባው አድጎ ለአራቱም እኩል ይከፋፈላል። ያላዋጣም ድርሻውን ይወስዳል። መቀጣጣት በሌለበት ጊዜ መዋጮው ዙር በዙር ሳሳ። ከራስ ኪስ ከፍሎ ሰነፉን መቅጣት ሲፈቀድ ግን አንሰራራ።

ማስረጃ ካስፈለገ ጋሼን እድር ላይ እዩአቸው። ወርሃዊው አንድ ቀን አያልፋቸውም። ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ይሸከማሉ፣ ስም ሲጠራ «አቤት!» የሚሉት ሰፈር እስኪሰማ ነው። ምን ነካቸው አትበሉ። እድሩ መዝገብ አለው። የቀረ ይቀጣል፣ ያበዛው ይሰረዛል። ተሰርዞ ማን ይቀብረዋል? እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደችው ኤሊኖር ኦስትሮም የመስኖና የግጦሽ መሬት ተካፋዮችን አጥንታ የደረሰችበትም ይኸው ነው፤ ጸንተው የቆዩት ጥፋተኛን መጀመሪያ በትንሹ፣ ሲደጋግም በርከት አድርገው የሚቀጡት ናቸው። የእድር ዳኞቻችን ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩበት ነገር ነው።

እኛ ብሎክ ውስጥ ግን ጨዋነት አለ። ደረጃ ላይ ስናገኛቸው «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» እንጂ «መዋጮውስ?» የሚል ባለጌ አልተገኘም። ጀርባቸውን ሲሰጡ የምንለውን ተዉት።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ወጣት «ያልከፈለ ይቀጣ!» አለ። አጨበጨብን። «በየበሩ እያንኳኳ ቅጣቱን ማን ይሰብስብ?» ሲባል ሁላችንም ስልካችንን ማየት ጀመርን። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ራሱን ልጁን መረጥነው። ድምፅ የቆጠሩት ጋሼ ናቸው።