አንዱ «ምስር ብዪ» አለኝ፣ ሌላው «ምስር እንዳትነኪ»

ዛሬስ አልቻልኩም። ልተንፍሰው።

ማቀዝቀዣዬ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ ከስኳር ክትትሌ የተሰጠኝ ነው። ሌላው ከአንጀት ሐኪሙ። የስኳሩ ላይ «የሚመከሩ» ከሚለው ሥር ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ያልተፈተገ ስንዴ፣ ገብስ ይላል። የአንጀቱ ላይ «የሚከለከሉ» ከሚለው ሥር ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ገብስ ይላል። ዝርዝሩ አንድ ነው፤ የተለያየው ርእሱ ብቻ ነው። አንጀቱ የፈቀደልኝ ነጭ ሩዝና ድንች ደግሞ ስኳሩ ላይ በቀይ ተሰምሮባቸዋል።

እና ምን ልብላ?

ሁለቱንም ጠይቄአለሁ። የስኳሯ ሐኪም «እሱን የአንጀት ሐኪምሽን ጠይቂ» አለችኝ። የአንጀቱ ደግሞ «ስኳርሽን የሚከታተሉሽን አማክሪ» አለኝ። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ግን ወረፋው እስከ በር ድረስ ነው፣ ለእኔ ያላቸው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አንዷ ደሜን ታያለች፣ አንዱ አንጀቴን ያያል። ቤት ገብቼ ትሪ ፊት የምቀመጠው ግን ሁለቱንም ይዤ ነው።

ስኳር ከተገኘብኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ዓይነት ሁለት የሚባለው። አንጀቴ ግን ከዚያም በፊት ሰላም አልነበረውም። «ጨጓራ ነው» ተባልኩ። «አሜባ ነው» ተባልኩ። «ጃርዲያ ነው» ተባልኩ። ሰገራ በሰጠሁ ቁጥር ኪኒን ይዤ እወጣለሁ። ለሳምንት ሻል ይለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። በስተመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን ከውስጥ በሚያሳይ ካሜራ፣ ታየሁ። ቁስል የለም፣ እጢ የለም። አይቢኤስ ነው ተባለ፤ የአንጀት መቆጣት የሚሉትም አሉ። በመሣሪያ የሚታይ ጉዳት የለውም። አንጀትና አንጎል የሚነጋገሩበት መንገድ ተዛብቶ፣ አንጀት ትንሹም ነገር የሚያመው ሲሆን ነው። ሌላውን ሰው ምንም የማይለው ጋዝ እኔን እጥፍ አድርጎ ያስቀምጠኛል። ቤተሰቤ ግን «ምንም አልታየም» የሚለውን «ምንም የለብሽም» ብሎ ሰማው። ይቺ አሁንም ድረስ ታመኛለች።

በዚያ ላይ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒኔ አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አላማውም። ግን ተቅማጥና የሆድ መነፋት ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ዋናዎቹ መሆናቸውን ለአራት ዓመት የነገረኝ የለም። ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነት እንዳለውም አልሰማሁም። አንዲት ወጣት ሐኪም ናት ዕድሜ ይስጣትና የቀየረችልኝ። ተቅማጡ በግማሽ ቀነሰ። አራት ዓመት ሙሉ ግማሹ ሕመሜ ከገዛ ኪኒኔ ነበር ማለት ነው። (እባካችሁ፣ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ጠይቁ ግን። አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ።)

አሁን ወደ ሽንኩርት ልምጣ፣ እሱ ነው የሚያስለቅሰኝ።

በአውስትራሊያ ሜልበርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎድማፕ የሚባል የአመጋገብ ዘዴ አውጥተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንዳንድ ስኳርነት ያላቸው ነገሮች በቀጭኑ አንጀት በደንብ አይመጠጡም። ውሃ ስበው ወደ ወፍራሙ ይወርዳሉ። እዚያ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ጋዝ ይሆናሉ። ጥራጥሬው፣ ስንዴው፣ ወተቱ፣ ማሩ፣ ማንጎው ከእነዚህ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት።

እስቲ ቀይ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ጥሩልኝ። ቁሌቱ ራሱ እኮ ሽንኩርት ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ምጥን ሽሮውም እንደዚያው። ሰው «ሽንኩርቱን አውጥተሽ ብዪ» ይለኛል። አይሆንም! ሆድ የሚነፋው ነገር በውሃ ይሟሟል፣ መረቁ ውስጥ ቀርቷል። በዘይት ግን አይሟሟም። ይህን ሳውቅ ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠበስ አድርጌ ፍሬውን አንድ ሳላስቀር አወጣና በዘይቱ ብቻ እሠራለሁ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው እንደ ሰው ምግብ የምበላ መሰለኝና አለቀስኩ። ወረቀቱ ላይ ግን ይህ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው አስፓራገስ ነው። እናቴ «አስፓራገስ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ስለ እርድ፣ ስለ እርሾ፣ ስለ ሽሮ አንድ መስመር የለም። ከውጭ የመጣ ዝርዝር እንዳለ ተተርጉሞ ነው የተሰጠኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። ዘዴው ለጊዜው ነው የተሠራው። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስሽ የትኛው እንደሚጎዳሽ ታያለሽ። ይህንን የነገረኝ የለም። ሰባት ወር ሙሉ በሩዝና በድንች ኖርኩ። ሆዴ ዝም አለ። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ከ7.1 ወደ 8.9 ወጣ። የስኳሯ ሐኪም «ምን እየበላሽ ነው? ራስሽን አትጠብቂም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠብቅ? የታዘዝኩትን ነበር የምበላው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ የሆነውን ልንገራችሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ከሃምሳ በላይ ልጆች ፊት ነው የምቆመው። ሌሊቱን ሲቆርጠኝ ስላደረ ቁርስ ፈራሁ። ከበላሁ መሀል ላይ መሮጤ ነው፣ መጸዳጃው ደግሞ ከግቢው ማዶ ነው። ሻይ ብቻ ጠጥቼ ወጣሁ። ግሊቤንክላማይዴን ግን እንደ ልማዴ ውጬዋለሁ። ይቺ የስኳር ኪኒን ሰው በላ አልበላ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» ትለዋለች። አራት ሰዓት ገደማ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላብ አጠመቀኝ። ሰሌዳው ላይ ራሴ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ። ፊት ወንበር ላይ ያለች ልጅ «ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?» ስትለኝ ድምጿ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ስኳሬን ስለካው 54 ወርዷል።

ባልደረባዬ ሮጣ የማንጎ ጁስ አመጣችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ነፍሴን አተረፈችኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ስኳሬ 260 ገባ፣ ሆዴም እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ተራ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ቢሆን ኖሮ ስኳሬንም ያነሳዋል፣ አንጀቴንም አያስቆጣውም ነበር። ይህን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ በላስቲክ ቋጥሬ እይዛለሁ።

«ለስኳር ታማሚ» ተብሎ የሚሸጠውን ከረሜላም ተጠንቀቁ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ አስባልኝ አንድ ከረጢት አመጣችልኝ። «ስኳር የለውም» ይላል። በአንድ ከሰዓት ስድስት በላሁ። ሌሊቱን ከመጸዳጃ ቤት አልወጣሁም። በስኳር ፋንታ የሚገባው ሶርቢቶልና ማልቲቶል ጤነኛውንም ሆድ ሲበዛ ያስቀምጠዋል፤ ለእንደኔ ዓይነቱማ አትጠይቁኝ። ከጀርባው በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ማን ያነባል?

ሁለቱ ወረቀቶች የሚስማሙበት ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ? አለ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ። ስኳር አይሰቅሉም፣ ጋዝ አይሆኑም። እሱን በአስተማሪ ደመወዝ በየቀኑ ግዙኝ። ገንዘቡ ቢገኝ ደግሞ ጾሙ አለ። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ታማሚ ነሽ፣ ሐኪም እንዳለሽ ብዪ» ብለውኛል። ፈቃዱ አለኝ። ግን በሕማማት ሰኞ ቤቱ ሁሉ ጾሞ እኔ ጓዳ ገብቼ በሬን ዘግቼ እንቁላል ስልጥ፣ ጉሮሮዬ አይከፈትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩት ጾም ነው። ምስር በልቼ ልጹም እንጂ ሥጋ ስጡኝ አላልኩም። ይህን ሐኪም ፊት ማን ያወራዋል?

ሰውስ? ባለፈው ማኅበር ላይ ጎረቤታችን እትዬ የዶሮ ወጥ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አይ እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አልኩ። «በሞቴ! አንዴ ብቻ!» መረቁ በጣታቸው መሀል እየተንጠባጠበ ነው። ቤቱ ሁሉ ያየኛል። «አፈር ስሆን! ንቀሽኝ ነው?» በላሁ። እኚህ ሴት እናቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ በየቀኑ ምሳ ያመላለሱልን ናቸው፤ እንዴት እንቢ ልበል? ዶሮ ወጥ ማለት ደግሞ ሽንኩርት ማለት ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። እባካችሁ ወገኖቼ፣ «በሞቴ» አትበሉን። አንድ ሰው «አልችልም» ካለ አይችልም። ፍቅራችሁን እናውቀዋለን።

አሁን እንዴት ነሽ ካላችሁኝ፣ ደብተር ገዛሁ። አንዱ ዓምድ ላይ ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ስኳር እጽፋለሁ፣ ሌላው ላይ ሆዴ ከአሥር ስንት እንዳመመኝ። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ አልለካም፣ አዲስ ነገር ስሞክር ብቻ ነው። እንዲህ ያገኘኋቸው ነገሮች አሉ። ምስር ጭራሽ ክልክል አይደለም፤ አሳድሬ ዘፍዝፌ ውሃውን ደፍቼ ሩብ ኩባያ ብቻ ስበላ ሁለቱም ዓምድ ደኅና ነው። ግማሽ ኩባያ ሲሆን ሁለተኛው ዓምድ ሰባት ይላል። እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ከሆነ ሆዴ ይቀበለዋል፤ ከሱቅ የሚገዛው ግን ምን እንደተቀላቀለበት ስለማላውቅ ፈርቼ ነው የምበላው። ከግማሽ ካለፍኩ ደግሞ ስኳሩ ይሄዳል። ጎመን፣ ካሮትና ፎሶሊያ ጓደኞቼ ናቸው። ተልባ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ድርቀቱን አቃለለልኝ።

ይህንን ሁሉ በራሴ ላይ እየሞከርኩ ነው የተማርኩት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ የምግብ ባለሙያ አንድ ሰዓት ብትሰጠኝ ይህንን ሁሉ ታውቀው ነበር። ስለ ሽሮ የምታወራ፣ ጾሜን የምትጠይቀኝ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አንድ ወረቀት የምትጽፍልኝ። ምን ያህል ከባድ ነው? የሐኪም ቤቶቻችን ስኳር ክፍልና አንጀት ክፍል አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው እኮ። አንድ ደረጃ ነው የሚለያያቸው።

ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ሁለቱንም ወረቀት ከማቀዝቀዣው ላይ አንሥቼ ከደብተሬ ጋር እይዛለሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንዱን መርጠው ካልቀደዱልኝ ወይ አንድ ካላደረጉልኝ ከወንበሩ አልነሣም።

እስከዚያው ሁለቱም ሕመም ያለባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሽሮ እንዴት ነው የምትሠሩት? በርበሬውንስ ያለ ነጭ ሽንኩርት የምታስፈጩበት ወፍጮ ቤት አላችሁ?