ዚመሪት በሁሉም የጀርመን ታንክ ላይ አልነበረም

ወንድሜ፣ የታይገር (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ) ሞዴልህ በጣም ያምራል፣ እጅህ ይባረክ። ግን ለጀማሪው ልጅ «የጀርመን ታንክ ከሆነ ሁሌም ዚመሪት ያስፈልገዋል» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዚመሪት፣ ማለትም ያ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ልጥፍ፣ ማግኔት ያለው ፈንጂ ታንኩ ላይ እንዳይጣበቅ የተሠራ ሲሆን፣ ፋብሪካዎች መቀባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1943 ኦገስት አካባቢ ነው፣ በሴፕቴምበር 1944 ደግሞ እንዲቆም ታዘዘ። ስለዚህ ልጁ የሚሠራው የኩርስክ ውጊያ ታይገር፣ ማለትም የጁላይ 1943ቱ፣ ልሙጥ መሆን አለበት። በአርደን ውጊያ፣ ዲሴምበር 1944፣ ደግሞ ሁለቱም አይነት ይገኛል፤ ቀድሞ የተመረተው ልጥፉ እንዳለ ነው፣ አዲሱ ግን የለውም። የዚያኑ ታንክ ፎቶ ፈልጎ ማየት ይሻላል።

የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ በ1/35 (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ባነሰ) ሞዴል ላይ ወፍራም አታድርገው፣ አብዛኛው ሞዴል የሚበላሸው በዚህ ነው። ኤፖክሲውን (እንደ ሊጥ ተለጥፎ የሚደርቀውን) ስስ አድርገህ ለጥፍና ሳይደርቅ በትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ጎን ለጎን ተጫነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንሽ ገንጠል አድርገህ ከስር ቀዩን የመጀመሪያ ቀለም አሳይ። ጎማዎቹንና ሰንሰለቱን ግን እንዳትነካ፣ እነሱ አይቀቡም ነበር።