አቦል፣ ቶና፣ ሙዚየም

ከዋሽንግተን ለክረምት የመጣ ቤተሰብ አዲስ አበባን ለልጆቹ ሊያሳይ ሲነሳ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ፕሮግራም ያምራል፦ ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ከምሳ በኋላ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በማግስቱ እንጦጦ። ልጆቹ የሚጎበኙት ግን የአክስት ሶፋ፣ የአጎት ሶፋና የአበልጅ ሶፋ ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ሰዓት ነው። «ሦስት ሰዓት ላይ እንወጣለን» ሲባል የአሥራ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ ስልኩን አይቶ ተመልሶ ይተኛል፤ በእሱ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት የሚሆነው ከቀትር በኋላ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሌሊት ፍሪጅ ከፍቶ የሚቆመውም በምሳ ሰዓት ትሪ ላይ የሚያንቀላፋውም እሱ ነው። «ጠዋት፣ በእናንተ ዘጠኝ» ብሎ ሁለቴ መናገር ይጠቅማል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በቀን ከአንድ ቦታ በላይ አይታሰብ።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን አምኖ ቁምጣ ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ፣ ሐምሌ ላይ የአያቱን ጋቢ ለብሶ ፎቶ ይነሳል። የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ ሜዳ ሜዳው ጠዋት፣ ጣሪያ ያለው ከሰዓት ይሁን። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ የሚጫወተው ጎረምሳ በደረሰ በማግስቱ ብስክሌት ቢከራይ ከአንድ ዳገት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ለአራት ለአምስት ቀን ቢቆይ ሳንባው ይለምዳል። ፈረሱ ግን ዕለቱን ይቻላል፤ የሚያለከልከው ሌላ ነውና።

መኪናውም ሂሳብ አለው። ራይድ አራት ሰው ይጭናል። ቤተሰቡ አምስት ነው፤ «እኔም ካየሁት ቆይቷል» የምትል የአክስት ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር ስትጨመር ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዛል። የቀኑ ሂሳብ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነና የመጠበቂያው ሰዓት ሰው ከመሳፈሩ በፊት ያልቃል። ከተሳፈሩ በኋላ የሚደረግ ድርድር በሾፌሩ አሸናፊነት ይጠናቀቃል።

ከሁሉ የከፋችው ዓረፍተ ነገር «መንገዳችን ላይ ስለሆነ እትዬን ሰላም ብለን እንለፍ» የምትለዋ ናት። እትዬ ቆመው ሰላም አይሏቸውም። ቡናው ገና አልታጠበም፤ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በመሐል «ትንሽ ቅመሱ» ይመጣል፤ ትንሹ ደግሞ ክትፎ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዝለት። ሲወጡ ዝናቡ ጀምሯል፣ ሙዚየሙም ሊዘጋ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሙዚየም፣ ከዚያ እትዬ። ከእትዬ በኋላ ምንም ነገር አይቀጠርም።

በር ላይ ደግሞ ቲኬት አለ። የዜጋና የውጭ ዜጋ ዋጋ በሚለያይበት ቦታ አባትየው «ኧረ ሐበሾች ነን!» ብሎ ሲሟገት፣ ልጁ በጠራ እንግሊዝኛ «አባዬ፣ ችግር አለ?» ብሎ ይጠይቅና ሂሳቡን ይወስነዋል። አማርኛ ቢሞክርም አያድንም። ቤት ውስጥ የሚሰማው «ና፣ ብላ፣ ተው» ብቻ ስለሆነ ለሽማግሌው ጥበቃም የሚላቸው «ና» ነው። ከጉዞው በፊት «እባክዎ» እና «ይቅርታ» ቢጠኑ አይከፋም።

ውስጥ ከገቡ በኋላ ድንቅነሽ አለች። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም የማይበልጥ። አባትየው «አያታችን ናት» ይላል፤ የሰባት ዓመቷ ልጅ ቤት ያሉትን አያቷን አስባ ግራ ይገባታል። ትንንሾቹን የምትይዛቸው ሰላም ናት፤ ዲኪካ ላይ የተገኘች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን። «የድንቅነሽ ልጅ» ይሏታል፤ ዕድሜዋ ግን 3.3 ሚሊዮን ስለሆነ ልጅቷ እናቷን በመቶ ሺህ ዓመት ትበልጣለች። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ ንገሩት፤ ለቀሪው ቀን ሰውን ሁሉ ሲያርም ይውላል።

ስልኩን የማይለቀው ጎረምሳ ወደ ስድስት ኪሎ ይወሰድ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። የጣሊያን ፋሺስቶች በአገራቸው ሥልጣን ላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው፤ ከተባረሩ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ለዚህ ማብራሪያ አይበዛም። ልጁ ራሱ ስልኩን ያወጣል።

የመጨረሻው ቀን የሻንጣ ነው። ሚዛኑ 23 ኪሎን ሲያልፍ መጀመሪያ የሚወጣው ልጁ ከእንጦጦ የለቀመው ድንጋይ ነው፣ ቀጥሎ ከሙዚየም የገዛው መጽሐፍ። ሽሮውና በርበሬው አይነኩም።