አንድ ሽጉጥ፣ ሦስት ሐኪም

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእኛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሽጉጥ ታሞ ሰንብቶ ነበር። አንባቢ እንዳይደነግጥ፤ ሽጉጡ የልጄ መጫወቻ ነው። በጋዝ ግፊት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የፕላስቲክ ፍሬዎች የሚተፋ፣ ኤርሶፍት የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በሩቅ ለሚያየው ከእውነተኛው የሚለየው በአፈሙዙ ጫፍ ባለው ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ነው። ይህን ምልክት ያስገደደው የአሜሪካ ሕግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የወጣ ሲሆን፣ የተወሸቀውም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የኢነርጂ፣ ማለትም የመብራትና የነዳጅ፣ አጠቃቀም በሚመለከት ዐዋጅ ውስጥ ነው። ስለ ድንኳን ግዥ በተጠራ የዕድር ስብሰባ ላይ የሰው ትዳር ሲዳኝ ለኖርን ለእኛ ግን ይህ ብዙም አይደንቅም።

የሕመሙ ምልክት እንዲህ ነበር። ካዝናው ጋዝ ከተሞላ በኋላ ከወደ ታች በቀስታ ይተነፍሳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍሬዎች በኃይል ይተኩሳል፤ በአራተኛው ያስላል፤ በአምስተኛው ላይ የላይኛው ተንሸራታች አካሉ ወደ ኋላ ሄዶ በዚያው ይቀራል። በማኅበር ስብሰባ ላይ ሲናገር ጣሪያ የሚሰነጥቅ፣ መዋጮ ሲጠራ ግን ድምፁ የሚጠፋ አባል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽጉጡ የእሱ ዘመድ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ለቡና የመጡት እንግዶቻችን ጉዳዩን ሲሰሙ ቡናው ተረሳ። በቀድሞው ሠራዊት ያገለገሉት ሻምበል፣ መሣሪያ የሚሰንፈው ሲቆሽሽ ብቻ እንደሆነ ካስረዱ በኋላ፣ ሽጉጡን ዓይናቸውን ጨፍነው ፈቱት፤ ዓይናቸውን ገልጠው ሲገጥሙት ግን አንዲት ትንሽ ሞላ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። “ሻምበል፣ ይህቺስ?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “መጠባበቂያ ናት” አሉኝ። ሞላዋን ልጄ ወዲያው ወደ ቦታዋ መለሳት።

ሁለተኛው ሐኪም መካኒክ ወዳጃችን ነበር። እሱ በሽታው የቅባት እጥረት እንደሆነ በማያጠራጥር ድምፅ ተናግሮ፣ ከመኪናው የሞተር ዘይት አምጥቶ ካዝናውን አጠጣው። እንዲህ ያለ ሽጉጥ የሚፈልገው የሲሊኮን ዘይት እንደሆነና የነዳጅ ዘይት ግን ጋዙን አፍነው የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶች ሊያሳብጣቸው እንደሚችል የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በቀስታ ይተነፍስ የነበረው ካዝና ከዚህ ሕክምና በኋላ ማፏጨት ጀመረ።

ሦስተኛው መሐንዲስ ነው፤ መሐንዲስም ስለሆነ አርባ ደቂቃ ተናገረ። የሚያናድደው የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ እያንዳንዱ ተኩስ ከፈሳሹ ጥቂቱን ወደ ጋዝ ሲለውጥ ሙቀቱን ከብረቱ ይወስዳል፤ ብረቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከአየር ግፊት ስምንት እጥፍ የሚሆነው የፕሮፔን ግፊት፣ በ0 ዲግሪ ከአምስት እጥፍ በታች ይሆናል። ጊዜው ጥር፣ ቦታው ምድር ቤት ስለነበር “ሕመሙ ብርድ ነው” ተብሎ ተፈረደና ካዝናው እንዲሞቅ በኤሌክትሪክ ምጣዱ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያም በሦስት ፈንታ ሰባት ፍሬ ሲተኩስ ሦስቱ ሐኪሞች ተጨባበጡ።

እስከዚያ ድረስ እንጀራ እየጋገረች ዝም ያለችው ባለቤቴ፣ “ለመሆኑ ይህ ጋዝ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀች። መሐንዲሱ ግሪን ጋዝ እንደሚባልና ፕሮፔን ከጥቂት የሲሊኮን ዘይት ጋር የተቀላቀለበት እንደሆነ በትሕትና አብራራላት።

“ታዲያ ቡታጋዝ ነው በሉኛ! አሁኑኑ ከምጣዴ አጠገብ አንሱልኝ!”

ካዝናውን ነጥቃ በረንዳ ላይ አወጣችውና የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ መትታ አረፋውን ቀባችው። አዲስ አበባ ሳለን የሲሊንደሩ ራስ በተቀየረ ቁጥር የምታደርገው ይህንኑ ነበር። ከካዝናው ግርጌ፣ ጋዝ በሚሞላበት ቫልቭ ዙሪያ፣ አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ኩፍ ኩፍ ማለት ጀመረ። ጋዙን አስተንፍሳ ከጨረሰች በኋላ ቫልቩን ልጄ በጠፍጣፋ መፍቻ ፈታው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ያበጠና የተሰነጠቀ የጎማ ቀለበት ወጣ። አዲሱ ቀለበት ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ ተገዝቶ፣ በአንዲት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ታሽቶ ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ የዓይን መከላከያውን አድርጎ፣ ሃያ ፍሬ አከታትሎ የካርቶን ሳጥን ላይ ተኮሰ፤ አንዱም አልከሸፈም። ሻምበል ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ “አየህ፣ ንጹሕ መሣሪያ እንዲህ ነው” አሉ። መካኒኩ ዘይት ዘግይቶ እንደሚሠራ አስታወሰን። መሐንዲሱ በመስኮቱ የውጭውን ቴርሞሜትር አይቶ፣ ካለፈው ቅዳሜ ሁለት ዲግሪ መጨመሩን በዝቅተኛ ድምፅ ገለጸ። ባለቤቴ ቶናውን ትቀዳ ነበር።