ማጅራት ይመስገን

ሰው ሁሉ እየተነሳ ወጣቱን ይወቅሳል፣ እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው። ሌላው ዓለም የደም ግፊቱን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ክንዱን አስጠቅልሎ ቁጥር ሲጠብቅ የኛ ልጅ ማጅራቱን ዳበስ አድርጎ "አሁን የለብኝም" ይላል፣ አለቀ። ባትሪ የለ፣ ወረፋ የለ። ሐኪሞቹ "ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፣ ከፍ ብሎም ምንም ላይሰማህ ይችላል" እያሉ ይለፈልፋሉ፣ ማጅራት የላቸውም እንዴ?

አንድ የስራ ባልደረባ አለኝ፣ 32 ዓመቱ ነው። ለአዲስ ስራ ሜዲካል ተመርመር ተብሎ ሄዶ 160 በ100 አሉት፣ ኮሌስትሮሉም ጣራ ነክቷል። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ነርሷን፣ ከዛ ደሞ "ግፊት የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ" ብሎ መታወቂያውን ሊያሳያቸው ምንም አልቀረው። በሌላ ቀን ሲለካም ያው ሆነ። ለግፊቱ አምሎዲፒን ታዘዘለት፣ ለኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን። ሁለት ወር በስነ ስርዓት ዋጠና ተለካ፣ 126 በ82። ታዲያ እንደ ማንኛውም ብልህ ሰው ምን አለ? "ድኛለሁ!" ኪኒኑ ሰርቷልና ኪኒኑን ማቆም፣ ቤቱ አላፈሰሰም ብሎ ቆርቆሮውን ነቅሎ እንደመሸጥ ማለት ነው፣ ትርፍ ነው እኮ። የተረፈውን ፍሬም አልጣለውም፣ "የሷም ግፊት ነው" ብሎ ለአክስቱ ሰጣት። ደግ ልጅ።

አሁን የሚታከመው በቲክቶክ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሰዓት የሽፈራው ሻይ፣ ማታ ተልባ፣ ሊፍት ውስጥ አብራችሁት ከገባችሁ ህክምናው በደንብ ይገባችኋል። ለኮሌስትሮሉ ደሞ ጾም አለለት፣ ጾም ማለት ለሱ በረጋ ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ነው፣ ጄሪካኑ ላይ "ከኮሌስትሮል ነጻ" ይላላ! አልዋሸም፣ የፓልም ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ደም ውስጥ የሚያበዛው የረጋ ስብ ግን ሞልቶታል፣ እሱን ማን ጠየቀው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ (አርብ ጾም ስለሆነ ቀድሞ መካስ አለበት) ስጋ ቤት ይዞኝ ሄደ። ገና ሳንቀመጥ አስተናጋጁን "ወንድሜ ለኔ ጥብስ እንዳታመጣ፣ ጨው ይበዛበታል፣ ግፊት አለብኝ፣ ቁርጥ አድርግልኝ" አለው። ኮራሁበት፣ እንዲህ ነው ራስን መጠበቅ። ቁርጡ መጣ፣ ግማሹ ነጭ ጮማ፣ አጠገቡ አንድ ሰሃን ሚጥሚጣ። እያንዳንዷን ጉርሻ ሚጥሚጣው ውስጥ አገላብጦ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎ፣ "ሎሚ እኮ ጮማ ያሟሟል" እያለ ያስተምረኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው ይላል፣ የኔ ጓደኛ የሻይ ማንኪያ አልነካም እኮ፣ የሚሰፍረው በስጋ ነው።

መሀል ላይ ማላመጡን አቆመ። ቢላውን አስቀምጦ እጁን ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ አይኑን ጨፈነ። እኔ ደነገጥኩ፣ አስተናጋጁም ቆሞ ቀረ።

"ምን ሆንክ?"

"ቆይ እየለካሁ ነው" አለ፣ ትንሽ ቆይቶ አይኑን ገለጠ። "ደህና ነኝ። ግማሽ ኪሎ ጨምርልን፣ ከጮማው በኩል።"